በውክልና የሚሸጥ ተሽከርካሪና የስም ዝውውር፦ ሻጭና ገዢ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ተሽከርካሪ ሸጦ ወይም ገዝቶ የስም ዝውውሩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት በሀገሪቱ በስፋት የሚታይ አሠራር ነው። ሻጭ ዋጋውን ተቀብሎ ለገዢው ውክልና ይሰጣል፤ ገዢም ሊብሬውንና ቁልፉን ተረክቦ ማሽከርከር ይጀምራል። ሁለቱም ወገኖች ጊዜና ወጪ እንደቆጠቡ ቢያስቡም ተሽከርካሪው በመዝገብ ላይ የሻጩ እንደሆነ ይቀጥላል። አደጋ፣ ክስ፣ ሞት ወይም እገዳ በሚያጋጥምበት ጊዜ ይህ ልዩነት ለሁለቱም ከፍተኛ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ዜጎች ተሽከርካሪ ከመሸጣቸውም ሆነ ከመግዛታቸው በፊት ሊያጣሯቸው የሚገቡ ጉዳዮችን፣ የስም ዝውውር አፈጻጸምን እንዲሁም ቀደም ሲል በውክልና የተገበያዩ ወገኖች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ይገልጻል።

በሊብሬ ላይ የሰፈረው ስም የሚያስከትለው ኃላፊነት

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ ተመዝግቦ፣ የመለያ ሰሌዳ ተሰጥቶትና ተመርምሮ በመንገድ ላይ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። በተለምዶ ሊብሬ የሚባለው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር የዚህ ምዝገባ ውጤት ነው። በመሆኑም ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ መድን ሰጪ ድርጅትም ሆነ ሌላ አካል ስለ አንድ ተሽከርካሪ ጥያቄ ሲያነሳ በቅድሚያ የሚፈልገው በመዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ጉዳቱ የደረሰው እንዲያሽከረክር ባልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ «መኪናውን ከሸጥኩት ቆይቻለሁ» የሚለው መልስ በሰነድ እስካልተደገፈ ድረስ ተጎጂውን ወይም ፍርድ ቤቱን ላያሳምን ይችላል።

ለአብነት ያህል አንድ ባለንብረት የቤት አውቶሞቢሉን ሸጦ፣ ለገዢው ውክልና ሰጥቶና ስልኩን መዝግቦ ተለያየ እንበል። ገዢው ከጥቂት ወራት በኋላ ተሽከርካሪውን ለሌላ ሰው በውክልና ያስተላልፋል። ሦስተኛው ሰው በእግረኛ ላይ ጉዳት አድርሶ ከአካባቢው ይሰወራል። ፖሊስ በሰሌዳው አማካይነት የሚደርሰው የመጀመሪያው ሻጭ ዘንድ ነው። ሻጩ የከፈለውን ካሳ ከገዢው መልሶ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ቢችልም መብቱን ሥራ ላይ ለማዋል ገዢውን ፈልጎ ማግኘት፣ ሽያጩን ማስረዳትና ክስ መመሥረት ይኖርበታል።

ውክልና ምን ያደርጋል፤ ምንስ አያደርግም

ውክልና አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም ሆኖ የተወሰኑ ተግባራትን እንዲፈጽም የሚሰጥ ሥልጣን ነው። የመሸጥና ስም የማዛወር ሥልጣን ያለው ወኪል ተሽከርካሪውን በወካዩ ስም ሊሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን በውክልናው ብቻ የተሽከርካሪው ባለቤት አይሆንም። በውክልና የሚገዛ ሰው በተለይ የሚከተሉትን ሊገነዘብ ይገባል።

አንደኛ፣ ወካዩ የሰጠውን ውክልና በማናቸውም ጊዜ ሊሽር ይችላል። ሁለተኛ፣ በመርህ ደረጃ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ሻጩ ከሞተ ገዢው የስም ዝውውሩን ለመፈጸም የሟችን ወራሾች መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ወራሾቹም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ከወራሾቹ አንዱ ሽያጩን ከካደ ጉዳዩ ወደ ክርክር ያመራል። ሦስተኛ፣ የሻጩ ባለ ዕዳነት በፍርድ ከተረጋገጠ በስሙ የተመዘገበው ተሽከርካሪ ሊታገድ ይችላል። አራተኛ፣ «ውክልና በውክልና» እየተባለ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተሽከርካሪ ሁሉ የተንጠለጠለው በመጀመሪያው ውክልና ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሲሻር ወይም ሲቋረጥ ተከታዮቹም አብረው ይናጋሉ።

ውክልና ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታ መኖሩ ግን አይካድም። በውጭ ሀገር የሚኖር ባለንብረት በአካል ቀርቦ ለመዋዋል በማይችልበት ጊዜ በሚኖርበት ሀገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አማካይነት ውክልና ሊሰጥ ይችላል። ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠና በሰነዶች ማረጋገጫ አካል ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ወኪሉ የሽያጭ ውሉን ይዋዋላል። በዚህ አሠራር ውክልናው ሽያጩን ለመፈጸም ያገለግላል እንጂ የስም ዝውውርን አይተካም።

ገዢ ከመዋዋሉ በፊት የሚያጣራቸው ጉዳዮች

1. የሻንሲና የሞተር ቁጥር፦ በተሽከርካሪው ላይ የተመታው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር በእያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ መመሳሰል አለበት። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞችን የያዘ ሲሆን፣ ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ሲባል «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት አይካተቱበትም። የተፋቀ፣ በብየዳ የተነካካ ወይም በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ቁጥር ሲታይ ግዢውን ማቆም ይገባል። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በመዝገብ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

2. ዕዳና እገዳ፦ ተሽከርካሪው በባንክ ብድር መያዣነት ያልተያዘ፣ በፍርድ ቤት ያልታገደ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት የሌለበት መሆኑ ፋይሉ በሚገኝበት የተሽከርካሪ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት መጣራት አለበት። ማጣራቱ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

3. የቀረጥ ሁኔታ፦ ከቀረጥ ነፃ በሆነ መብት ወደ ሀገር የገባ ተሽከርካሪ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው በቅድሚያ ተገቢው ቀረጥና ታክስ ለጉምሩክ ሲከፈል ነው። ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው ከግዢው ዋጋ በተጨማሪ ከፍተኛ ክፍያ ሊጠየቅ ወይም ስሙን ማዛወር ሊሳነው ይችላል።

4. የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በመሆኑም ያገባ ሻጭ ከነባለቤቱ፣ ያላገባ ሻጭ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ መቅረቡን ገዢ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያላቸው መሆኑም መታወስ አለበት።

5. የተሽከርካሪው ይዞታ፦ ገዢው ራሱ በመረጠው ጋራዥ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ መሪና ጎማ ማስመርመር፣ የግጭትና የብየዳ ምልክት ማሳየት ይጠቅመዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቸኛ መተማመኛ ሊሆን አይገባም፤ የወንበር፣ የመሪና የፔዳል መበላት ከቆጣሪው ጋር መመዛዘን አለበት። ከርክክብ በኋላ የተደበቀ ጉድለት ከታየ ሳይዘገይ ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅ የገዢን መብት ይጠብቃል።

በሽያጭ ውል ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነጥቦች

የሽያጭ ውል ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም ፊት ቢፈረም የተዋዋዮች ማንነትና ፈቃድ ይረጋገጣል፤ ሰነዱም በመዝገብ ይቀመጣል። በሠፈር ደላላ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይህን ዋስትና አይሰጥም። በውሉ ላይ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ትክክለኛው ዋጋና የአከፋፈሉ ሁኔታ፣ የርክክቡ ቀንና ሰዓት፣ ከርክክብ በፊትና በኋላ የሚፈጠር ዕዳ፣ ቅጣትና ኃላፊነት የማን እንደሚሆን፣ እንዲሁም የስም ዝውውር ወጪን የሚሸፍነው ወገን በግልጽ መጻፍ ይገባል። የስም ዝውውሩ የሚጠናቀቅበት የመጨረሻ ቀን ሲወሰንም ለሻጩ ትልቅ ጥበቃ ይሆናል።

የመንግሥት ክፍያን ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ማስፈር ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ገዢውን ይጎዳል። ውሉ ቢፈርስ ገዢው በቀላሉ ማስረዳት የሚችለው በጽሑፍ የሰፈረውን ዋጋ ብቻ ነው። ክፍያን በባንክ ወይም በሲፒኦ መፈጸም ለሁለቱም ወገኖች የማያከራክር ማስረጃ ያስቀራል።

የስም ዝውውር አፈጻጸም

የስም ዝውውር የሚፈጸመው የተሽከርካሪው ፋይል በሚገኝበት መዝጋቢ አካል ነው። በአዲስ አበባ አገልግሎቱን የሚሰጠው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሲሆን፣ በክልሎች የትራንስፖርት ቢሮዎች በየደረጃው ይሰጣሉ። ሂደቱ በአመዛኙ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል።

በመጀመሪያ ተዋዋዮች የተረጋገጠውን የሽያጭ ውል፣ ዋናውን ሊብሬ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃና ጸንቶ የሚገኝ የሦስተኛ ወገን መድን ያቀርባሉ። ቀጥሎ ተሽከርካሪው በአካል ቀርቦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል፤ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑም ይጣራል። በመጨረሻ የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ተከፍሎ በገዢው ስም አዲስ ሊብሬ ይዘጋጃል። ገዢው የሚኖረው በሌላ ክልል ወይም ቅርንጫፍ ሥር ከሆነ ፋይሉ እንዲዛወርለት ይጠይቃል። ዝርዝር መስፈርቱ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል ተገልጋዮች ከመሄዳቸው በፊት ፋይሉ ካለበት ጽሕፈት ቤት ቢያጣሩ ምልልስ ይቀንሳሉ።

የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ

የሦስተኛ ወገን መድን የማንኛውም ተሽከርካሪ ባለቤት ግዴታ ነው። መድኑ የሚሸፍነው በሌሎች ሰዎች አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳትን ነው። በባለንብረቱ ተሽከርካሪ ላይ ለሚደርስ ግጭት፣ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ሽፋን የሚገኘው በተጨማሪ ውል ብቻ ነው። በርካታ ባለንብረቶች ይህን የሚረዱት ከአደጋ በኋላ በመሆኑ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይመከራል። ገዢው የመድን ውሉ በስሙ እንዲስተካከል ለመድን ሰጪው ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት።

ተሽከርካሪው በየዓመቱ ፈቃድ ባለው የምርመራ ተቋም ተመርምሮ ቦሎ ሊለጠፍለት ይገባል። የቦሎ ጊዜው ያለፈበት ተሽከርካሪ ሲገዛ ዕድሳቱንና ለምርመራው የሚያስፈልገውን ጥገና የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ይገለጽ።

ቀደም ሲል በውክልና ለሸጡና ለገዙ

በውክልና የሸጠ ሰው የሽያጭ ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃውንና የውክልናውን ቅጂ በጥንቃቄ ማስቀመጥ፣ ገዢውን ፈልጎ ስሙን እንዲያዛውር በጽሑፍ መጠየቅና የጠየቀበትን ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። ገዢው ፈቃደኛ ካልሆነ በፍርድ ቤት ሊያስገድደው ይችላል። ውክልናውን መሻር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሽያጩን አያፈርስም፣ ተሽከርካሪውንም ከሻጩ ስም አያወጣም።

በውክልና የገዛ ሰው ደግሞ ሻጩ በሕይወትና በቅርብ ርቀት እያለ ዝውውሩን ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል። በመካከል ሌሎች ገዢዎች ካሉ የሰነዶቹን ሰንሰለት እስከ መጀመሪያው ባለንብረት አሰባስቦ መቅረብ ያስፈልገዋል።

ቁልፍ የተረከበ ገዢና ገንዘብ የተቀበለ ሻጭ ግብይታቸው ተጠናቀቀ የሚባለው በሊብሬው ላይ ያለው ስም ሲለወጥ ነው። ስለሆነም ሻጭ አዲሱን ሊብሬ በዓይኑ አይቶ፣ ከተቻለም ቅጂውን ይዞ እንዲለያይ ይመከራል።