የባሌ ስንዴና የከተሜው ማካሮኒ

የገበያ ጥናት ሲባል የአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽና የመጠይቅ ወረቀት በዓይናችን ይመጣል። መሠረቱ ግን አንድ ተራ ጥያቄ ነው፦ በላተኛው የሚሻውን አምራቹ በምን ያውቃል? ለዚህ ጥያቄ የባሌ ደጋን ያህል ጥሩ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ማካሮኒና ፓስታ ወደ ከተሞቻችን በስፋት የዘለቁት ከፋሽስት ወረራ ጋር ነው። የዛሬው ቃሊቲ ምግብ አክሲዮን ማኅበር ውልደቱ በዚያው ዘመን ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ማካሮኒው ግን ቀረ፤ ከተማ በሰፋ ቁጥርም ከእንጀራ ጎን ቦታውን አደላደለ። ሲቀቀል የማይጣበቅና የማይፈራርስ ማካሮኒ የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው። ዱረም ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ሲያይ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የዚሁ ስንዴ ዝርያዎች ብዛት ነበር። እንዲህ ባለ አገር የማካሮኒ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውን በውጭ ምንዛሪ ሲያስገቡ መኖራቸው ምን ይባላል?

«ገበሬው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ሮቤ ላይ አይሠራም። ጎባ የአስተዳደር ከተማ ሆና ስትቆይ ሮቤን ያሳደጋት እህል ነው። ደርግ በአካባቢው ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎችን ከከፈተ ወዲህ ትራክተርና ኮምባይነር በሲናና ሜዳ ብርቅ አይደሉም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ ባላገሩ አንዱን ወቅት «ገና»፣ ሌላውን «ቦና» ይለዋል። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከልም ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው አለ። የጎደለው የበላተኛው ወሬ ነበር።

ደርግ ይህን ወሬ በአዋጅ አፈነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ በቁርጥ ዋጋ ሲሰበስብ፣ ስንዴው ዳቦ ሆነ ማካሮኒ፣ ጥራቱ ከፍ አለ ዝቅ አለ፣ ለገበሬው ልዩነት አልነበረውም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲነሣ፣ በካድሬ ጉትጎታ የቆሙት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወዲያውኑ ተበተኑ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሕዝብ አስተያየት በየትኛው መጠይቅ ይገኛል?

ነፃው ገበያም ነገሩን በራሱ አልፈታውም። ነጋዴው የሚገዛው በሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ ኪሎ እንጂ ፕሮቲን አይናገርም። ስለዚህ ገበሬው በሄክታር ብዙ የሚሰጠውን የዳቦ ስንዴ መረጠ፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር። (ሁሉም አንድ ዓይነት ዘር ላይ መረባረቡ ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ በ2003 የምርት ዘመን «ኩብሳ»ን ቢጫ ዋግ፣ በ2006 ደግሞ «ዲጋሉ»ን የግንድ ዋግ አጠቃው።)

ለውጡ የመጣው ከ2003 ዓ.ም. በኋላ፣ በጣሊያን መንግሥት ትብብር የተደገፈ ፕሮጀክት የባሌን የገበሬዎች ዩኒየኖች ከማካሮኒ ፋብሪካዎች ጋር በውል ሲያገናኝ ነው። ማካሮኒውን ያመጣችው አገር ስንዴውን ለማስዘራት ተመልሳ መምጣቷ ፈገግ ያሰኛል። ስንዴው በቤተ ሙከራ ተለክቶ ፕሮቲኑ ከፍ ላለው ተጨማሪ ዋጋ ተከፈለ። ሲናና ያወጣቸው እንደ «ባካልቻ» ያሉ የዱረም ዝርያዎች (በኦሮምኛ የአጥቢያ ኮከብ ማለት ነው) ከሠርቶ ማሳያ ወደ ገበሬው ማሳ ወጡ። ባላገሩን ማንም በስብሰባ አላሳመነውም፤ ዋጋው ነገረው፤ ሰማ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሳለ፣ በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ ሲበሠር ከአርሲና ከባሌ ሌላ ድምፅ ተሰማ፦ እህላችን በየኬላው ይያዛል፣ መንግሥት የወሰነው ዋጋም ከገበያው በታች ነው የሚል። በኮታው ዘመን እህል ያስረከቡ ሽማግሌዎች ዛሬም ሮቤ ገበያ ላይ አሉ። ነገሩን የሚያስረዳቸው ሰው አያሻቸውም።