የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት እና የጀርመንዊንግስ አደጋ

በጀርመን የታካሚውን ምስጢር ያለፈቃዱ ያወጣ ሐኪም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 203 እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። መርሁ ከሂፖክራተስ መሐላ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የሚያከራክረው የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረ የጀርመንዊንግስ ኤርባስ ኤ320 በፈረንሳይ አልፕስ ተራሮች ላይ ተከስክሶ የተሳፈሩት 150 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ዋና አብራሪው ከኮክፒት በወጣበት ጊዜ ረዳቱ በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ እንዳወረደው ምርመራው ደርሶበታል። የፈረንሳይ የአቪዬሽን አደጋ መርማሪ ቢሮ በ2016 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መሠረት፣ አንድ የግል ሐኪም ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ሳይኮሲስ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ ረዳት አብራሪው የአእምሮ ሆስፒታል እንዲገባ መክሮት ነበር። ለአቪዬሽን ባለሥልጣን የነገረ ሐኪም ግን አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ አንዳንድ ፖለቲከኞች ምስጢር ጠባቂነቱ እንዲላላ ጠየቁ፤ የጀርመን ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ፍራንክ ኡልሪኽ ሞንትጎመሪ ተቃወሙ። እንዲህ ያለው ክርክር ሕጉ የሐኪሙን አፍ ጨርሶ የዘጋ ሊያስመስል ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 ግን ሌላ መውጫ ለሌለው ቅርብ አደጋ ሲባል ምስጢር ማውጣትን ይፈቅዳል። የጎደለው ፈቃዱ ሳይሆን «ቅርብ አደጋ» መቼ እንደሚባል የሚያሳይ ግልጽ መመሪያ ነበር፤ መርማሪ ቢሮውም ይህንኑ ከአስተዋጽኦ አድራጊ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ከፊቱ እስራት፣ ከኋላው ጥርጣሬ ያለበት ሐኪም ዝምታን ቢመርጥ አይገርምም።

ታዲያ ለምን እንደ ካናዳ ሐኪሙን በሕግ ማስገደድ አይሻልም? ካናዳ ለበረራ ደኅንነት የሚያሰጋ ሕመም ያለበትን አብራሪ ሐኪሙ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። ግዴታው የሐኪሙን ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ የአብራሪውን ፍርሃት ግን አይነካም። እንጀራው በበረራ ፈቃዱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ሥራውን ደብቆ ሊታከም፣ ወይም ጭራሽ ሐኪም ቤት ላይሄድ ይችላል። የዚህ መከራከሪያ ደካማ ጎን ግን መታለፍ የለበትም፤ የጀርመንዊንግሱ ረዳት አብራሪ ብዙ ሐኪሞች ዘንድ ሄዷል፤ የተጻፈለትን የሕመም ፈቃድ ለአሠሪው ያላቀረበውም እሱ ነው። ሐኪሞቹ ዝም እንደሚሉ ስላመነ ሄደ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ስለዚህ ግልጽ መመሪያም ሆነ ግዴታ ብቻውን የሚበቃ አይመስልም። መርማሪ ቢሮውም በሕመም ምክንያት የበረራ ፈቃዱን የሚያጣ አብራሪ የሚደርስበት የገቢ ማጣት እንዲቃለልለት አሳስቧል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ያወጣው ደንብ ደግሞ አብራሪ መንገደኛ ማጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ልቦና ምዘና እንዲደረግለት፣ ሲቸገርም የሚጠጋበት የድጋፍ ፕሮግራም እንዲኖረው አዟል።