በላዔ ሰብእና እፍኝ ውኃው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከየካ ሚካኤል እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ባለው አካባቢ፣ በወር በዓላት ዕለት በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ የሚያልፍ ሰው ከዐጸዱ በር ግራና ቀኝ ከተቀመጡት ነዳያን አንድ ዓይነት የልመና ሥርዓት ይሰማል። ልመናው ስም በመጥራት የሚፈጸም ነው። ወር በገባ በ12 «ስለ ሚካኤል»፣ በ16 «ስለ ኪዳነ ምሕረት»፣ በ27 «ስለ መድኃኔ ዓለም» ይባላል። መንገደኛው በአንዱ ስም ባይራራ በሌላው ይማጸኑታል። ይህ ስም እየለዋወጡ የመለመን ልማድ በአገራችን ሥነ ጽሑፍና ሥዕል ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ እጅግ ጎልቶ የሚገኘውም በበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

ታሪኩ በተአምረ ማርያም ተጽፏል። ቅምር በምትባል ከተማ የሚኖር አንድ ባለጸጋ ቤተሰቦቹን ጨምሮ 78 ሰው ይበላል። ከዕለታት አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሰውነቱ በቁስል የተመታ ነዳይ ያጋጥመዋል፤ ቁስሉን አይቶ ስለሚጸየፈው ሳይበላው ይቀራል። ነዳዩ በውኃ ጥም ተቃጥሎ ኖሮ በእግዚአብሔር ስም፣ በቅዱሳንም ስም ይለምነዋል። በላተኛው ጆሮ አይሰጥም። በመጨረሻ የማርያም ስም ሲጠራ ግን ልቡ ይነካል፤ ጥሙን በወጉ የማያረካ እፍኝ ውኃ ይሰጠዋል። በሞተ ጊዜ ሚዛን ቀርቦ ሰባ ስምንቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ እፍኝ ውኃው በሌላው ወገን ይቀመጣሉ። ሚዛኑ ወደ ነፍሳቱ ያጋድላል። ማርያም ጥላዋን ስታሳርፍበት ግን ውኃው ይመዝናል፤ ሰውዬውም ይማራል።

ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1382 እስከ 1413) ነው። መጽሐፉ ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች በኩል የዞረ ሲሆን፣ እዚህ ከደረሰ በኋላ አገር በቀል ታሪኮች እየተጨመሩበት እጅግ ሰፍቷል። በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያጸናው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ነበር። ያው ንጉሥ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በጽኑ ማሳደዱን ስናስታውስ፣ በሚዛኑ ላይ ያረፈችው ጥላ በዚያ ዘመን ምን ያህል የምታከራክር እንደ ነበረች እንረዳለን። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። በቦሌ በኩል ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የበዙት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሰባክያን ኃጢአተኛ የሚድነው በክርስቶስ በማመን በሚገኝ ጸጋ ብቻ ነው ሲሉ፣ የኦርቶዶክሱ መምህር ምልጃንና ምግባርን ይጨምርበታል። ሁለቱም ወገኖች ይህን ታሪክ በየፊናቸው ይጠቅሱታል፤ አንዱ ሊነቅፈው፣ ሌላው ሊያስተምርበት።

ተመሳሳይ የሚዛን ታሪክ በሌላውም ዓለም አለ። በሰባተኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ በተጻፈው የእስክንድርያው ዮሐንስ መሐሪ ገድል ውስጥ ጴጥሮስ የተባለ ንፉግ ቀራጭ በንዴት በነዳይ ላይ እንጀራ ይወረውራል፤ ታሞም ሳለ ያ እንጀራ ብቻ በሚዛን ላይ ተቀምጦለት በራእይ ያያል። ይሁን እንጂ የሁለቱ ሰዎች ፍጻሜ የተለያየ ነው። ጴጥሮስ ከሕመሙ ተነሥቶ ንብረቱን ለድኾች አከፋፍሎ፣ በመጨረሻ ራሱን ባሪያ አድርጎ ያሸጣል። እንዲሁም በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ሙሴ ጸሊም፣ ወንበዴ የነበረው ጥቁር ሰው፣ ከመነኰሰ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከቀድሞ ጠባዩ ጋር ሲታገል ኖሯል። በላዔ ሰብእ ግን ከእፍኝ ውኃ በቀር የሚያሳየው ሥራ የለውም።

ታሪኩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሰባ ስምንቱስ? የተበሉት ሰዎች ነፍስ ከሚዛኑ ከወረደች በኋላ ማን ይጠይቅላታል? በሕዝቡ ዘንድ በቃል የሚነገረው ትረካ ይህን ጥያቄ ሳይሸሸው የቀረ አይመስልም፤ ሰውዬው እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ እንደ ነበረ፣ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጁን እንዲያርድ እንዳደረገው፣ ሥጋውንም ከቀመሰ ወዲህ ጠባዩ እንደ ተለወጠ ይተርካል። ይህ ለወንጀሉ ምክንያት የመፈለግ ጥረት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የታሪኩን ኃይል ያደክመዋል። ምሕረቱ የሚከብደው ሰውዬው ምክንያት አጥቶ ሲቀርብ ነውና።

ሠዓሊዎቻችን በዚህ ረገድ ከተራኪዎቹ ይበልጥ ደፋሮች ናቸው። በጣና ሐይቅ በምትገኘው ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ በሌሎች አድባራት በላዔ ሰብእ የሚሣለው ሰው እየበላ ነው። ሠዓሊው ወንጀሉን አይሸፍንም፤ ንጹሕ መነኩሴ አስመስሎም አያቀርበውም። ከዚያው አጠገብ ውኃውን ለነዳዩ ሲሰጥ፣ ቀጥሎም ሚዛኑ ሲያጋድል ይታያል። ሦስቱ ድርጊቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ተመልካቹ ምሕረቱን አይቶ ወንጀሉን ለመርሳት አይችልም። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ይህን ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት ያነበበው ከዚህ ግድግዳ ላይ ነው፤ የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓልም ካህኑ ሲተርክለት የሚሰማው ቀድሞ በዐይኑ ያየውን ነው። ከቅዳሴ በኋላም በደጁ ከተቀመጠው ነዳይ ፊት፣ በስሟ ሲለመን፣ ሳንቲም ለማውጣት ኪሱን ይዳብሳል።