ከምት እስከ ዜማ፦ መሰንቆና የኤሌክትሪክ ሞገድ

ምትና ዜማ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ይታያሉ። ምት ይቈጠራል፤ ዜማ ይሰማል። ከበሮ ምትን ይጠብቃል፤ ዋሽንት ዜማን ያወርዳል። ይሁን እንጂ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት የምዕራብ ጎጃም መንደሮች የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ያዳመጠ ሰው፣ የሁለቱ ልዩነት የፍጥነት ልዩነት ብቻ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሞተሩ በመጀመሪያ እየነጠለ ይመታል፤ እያንዳንዱም ምት ሊቈጠር ይችላል። ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ ግን ምቶቹ ይቀራረባሉ፤ በመጨረሻም እርስ በርሳቸው ተዋሕደው አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናሉ። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ያህል ምት በላይ ሲደርሰው መቍጠሩን ትቶ እንደ አንድ የተያያዘ ድምፅ ይቀበለዋልና።

ይህንኑ ሕግ አዝማሪው ከጥንት ጀምሮ በእጁ ሲሠራበት ኖሯል። በገበያ ቀንም ሆነ በሠርግ ቤት መሰንቆውን ሲገዘግዝ፣ ሙጫ የተቀባው የደጋኑ ጭራ የመሰንቆውን ጭራ ይዞ ጥቂት ይጐትተዋል፤ ውጥረቱ ሲበዛ ጭራው ያመልጥና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሴኮንድ በመቶዎች ለሚቈጠር ጊዜ ይደጋገማል። በደጋን የሚመታ ጭራ ወይም ክር እንዲህ መንቀሳቀሱን ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። የእንቅስቃሴው ሥዕል በወረቀት ላይ ቢነሣ ረጅም ዳገትና አጭር ቁልቁለት ያለው፣ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል መሥመር ነው።

የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ወደዚህ ዳገትና ቁልቁለት የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሮበርት ሙግና ዶናልድ ቡክላ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ በተናጠል ክፍሎች የተገነባና ክፍሎቹ በሽቦ የሚያያዙ ሲንተሳይዘር ሠሩ። ከክፍሎቹ አንዱ ኦሲሌተር ሲሆን ተግባሩ ድምፅን ማመንጨት ነው። ሌላው ፈንክሽን ጄኔሬተር የሚባለው ነው። ይህ ክፍል የኤሌክትሪክ ቮልቴጅን በተወሰነ ጊዜ ከፍ፣ በተወሰነ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። ራሱ እንዲሰማ የታሰበ አልነበረም፤ የሌላው ክፍል ድምፅ እንዲጐላና እንዲደበዝዝ፣ እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚያዝዝ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰርጅ ቸረፕኒን በካሊፎርኒያ የሠራው የዚህ ዓይነት ክፍል ስሙ ራሱ «ዳገት አመንጪ» እንደ ማለት ነበር።

ታዲያ የቁልቁለቱ ፍጻሜ የአዲሱ ዳገት መነሻ እንዲሆን ሽቦው ቢያያዝ፣ ክፍሉ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። አንዱ ዙር 10 ሴኮንድ ቢፈጅ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ነገር ይመስላል። የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ቢፈጅ ይንቀጠቀጣል። በሴኮንድ 440 ጊዜ ቢዞር ግን የምዕራባውያን ኦርኬስትራ የሚቃኝበትን ድምፅ ያወጣል፤ አዛዡ ዘፋኝ ሆነ ማለት ነው። ዳገቱና ቁልቁለቱ እኩል ሲሆኑ ድምፁ ለስላሳ ይሆናል፤ አንዱ ረዝሞ ሌላው ሲያጥር ደግሞ እንደ መሰንቆ የሚጐረብጥና የጠገበ ይሆናል።

ይህ አሠራር ችግር አለው። የዳገቱ ጊዜ ሲለወጥ የድምፁ ቀለም ብቻ ሳይሆን ቅኝቱም አብሮ ይለወጣል። ለቅኝት ተብሎ የተሠራ ኦሲሌተር አንድ ቮልት ሲጨመርለት ድምፁን በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ሲያደርግ፣ ብዙዎቹ ፈንክሽን ጄኔሬተሮች በዚህ ረገድ አይታመኑም። ሙዚቀኛው በጆሮው እየለካ፣ በጣቱ እያስተካከለ ድምፁን መፈለግ አለበት። መሰንቆ ተጫዋችም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በመሰንቆው አንገት ላይ የድምፁን ቦታ የሚያመለክት ምልክት የለምና።

በሀገራችንም እነዚህ ሁለት ዓለማት አስቀድመው በአንድ ሰው ተገናኝተዋል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ የተቀዳውን በራዲዮ ጣቢያ መሣሪያ ለውጦ አዲስ ድርሰት አደረገው። በ1959 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምር፣ በ1963 ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተሰለፉ። የኤሌክትሪኩን ጥበብ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው የጭራውን ጥበብ አልናቀም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ የሀገሩን ዜማዎች ሲቀዳ የቀድሞው ለዛ አልጠፋም። በየከተማው ሠርግ ግን የኪቦርድ ድምፅ እየገነነ ሲሄድ፣ ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃዎች የሚከፍለው የፒያኖ አቃኛኘት አብሮ ገባ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን የተወለዱት በእኩል መስፈሪያ አይደለም። በተለይ የአንቺ ሆዬ ጠባብ ርቀቶች በእነዚያ ቁልፎች መካከል ተሰንጥቀው ይቀራሉ። ልጅ ኪቦርዱን ብቻ እየሰማ ካደገ፣ የአዝማሪውን ትክክለኛ ድምፅ «ስሕተት» ሊለው ይችላል። ጉዳቱ ይህ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን በኤሌክትሪክ ላይ መጣል ትክክል አይሆንም። ቡክላ ገና ከጅምሩ የፒያኖ ቁልፎችን በመሣሪያው ላይ ለማድረግ አልፈለገም፤ ድምፁ በአሮጌው ሠፈር እንዳይታጠር ሰግቶ ነበር። ዘፋኝ የሆነው ፈንክሽን ጄኔሬተርም ያለ ቁልፍና ያለ አስቀድሞ የተወሰነ ቅኝት የሚሠራ ስለሆነ፣ ቅኝቱን ከሙዚቀኛው ጆሮ ይጠብቃል። ያ ጆሮ የጎጃምን አዝማሪ ሲሰማ ያደገ ከሆነ፣ ከኤሌክትሪኩ የሚወጣው አንቺ ሆዬም የተስተካከለ አንቺ ሆዬ ይሆናል።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ወደ ሀገር ሲገባ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፣ በማን ጆሮ ይቃኛል የሚለው ነው። ጆሮው እንዲኖር ደግሞ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር መሰንቆውን የሚገዘግዘው ሰው ሊደመጥ፣ ሊቀዳና ለተተኪው ሊያስተምር ይገባል። ሽቦውን በማናቸውም ጊዜ መግዛት ይቻላል፤ የጠፋ ጆሮ ግን በገበያ አይገኝም።