ሽለላ በሳክስፎን

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠሮች እስከ ሸዋ ድረስ ሽለላና ፉከራ ጀግና የሚወደስበትና ወኔ የሚቀሰቀስበት የሕዝብ ጥበብ ነው። ይህን የጉሮሮ ጥበብ ለሳክስፎን ያስተማሩት የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመሩት ሙያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ጎለመሰ። እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ሮክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

የባዕድ የሮክ ተጫዋቾች ወደ እኒህ አንጋፋ የሳቡት የአገራቸውን ሽለላ ስላልተዉ ነው። እንግዲህ መምህራንና ከያንያን ሆይ፣ ከኖታው ጎን የገበሬውን ድምፅ እንቅዳ፤ ያልተቀዳ ሸላይ ከድምፁ ጋር ይቀበራልና።