ዜና ሄንሪ ኢርቪንግ፣ የላይሲየም ቴአትር አለቃ

ሄንሪ ኢርቪንግ በእንግሊዝ አገር፣ በሶመርሴት፣ ኪንተን ማንደቪል በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1838 ተወለደ፤ የቀድሞ ስሙም ጆን ሄንሪ ብሮድሪብ ነበር። እናቱ አጥባቂ የሜቶዲስት አማኝ ነበረችና ቴአትርን እንደ ኃጢአት ትቆጥር ነበር። በዚያም ዘመን ተዋናይነት በጨዋ ቤት ዘንድ ነውር ነበር። እርሱ ግን በለንደን የነበረውን የጸሐፊነት ሥራ ተወ፤ ስሙንም ለውጦ በ1856 በሰንደርላንድ ከተማ መድረክ ላይ ወጣ። ገና ጀማሪ ሳለ ቃሉ ጠፍቶበት ተመልካቹ አፏጨበት። እርሱም አላፈገፈገም፤ ዐሥር ዓመት ያህል ከከተማ ከተማ ሲዞር ከ500 በላይ ገጸ ባሕርያትን ተጫወተ።

በኖቬምበር 25 ቀን 1871 በለንደን በላይሲየም ቴአትር «ደወሎቹ» የሚባል ተውኔት ታየ። ኢርቪንግም ማትያስን ሆኖ ተጫወተ። ይህ ማትያስ በአልዛስ የተከበረ ሹም ነው፤ ነገር ግን ከ15 ዓመት በፊት በበረዶ ሌሊት አንድ መንገደኛ አይሁዳዊ ገድሎ ወርቁን ወስዷል። ያዩት ሰዎች እንደ ተረኩት፣ ኢርቪንግ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ዘለበት ሲቆልፍ የሟቹ ሠረገላ ደወል ተሰማው። እጁም በዘለበቱ ላይ ቀረ። ከዚያ እጆቹ እግሩን ታክከው ቀስ ብለው ወደ ላይ ተሳቡ፤ ፊቱም የበድን ፊት መሰለ። አንድ ቃል ሳይናገር ሕዝቡን አንቀጠቀጠ። በዚያው ሌሊት ሚስቱ ፍሎረንስ በሥራው ስለ ተሣለቀችበት፣ ሠረገላውን አስቁሞ ወረደ፣ ዳግመኛም ወደ ቤቱ አልተመለሰም ብለው ያወራሉ።

በ1878 ላይሲየም በእጁ ገባ። ኤለን ቴሪን ዋና ተዋናይት አደረገ፤ ኋላ «ድራኩላ»ን የጻፈውን ብራም ስቶከርንም እንደ በጅሮንድ አድርጎ በቴአትሩ ላይ ሾመው። በ1879 ያሳየው «የቬኒሱ ነጋዴ» 250 ሌሊት ታየ። አዳራሹን አጨልሞ ብርሃኑን ሁሉ ወደ መድረኩ መለሰ፤ ሌሎች ኤሌክትሪክ ሲያስገቡም እርሱ ለስላሳውን የጋዝ መብራት አልተወም። ለሥራው ማማር ገንዘብ አይሰስትም ነበር፤ ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ክብሩም ውድቀቱም የመጡት ከዚህ ነው።

በጁላይ 18 ቀን 1895 ንግሥት ቪክቶሪያ በዊንዘር የሰርነት ማዕረግ ሰጡት። ከእርሱ አስቀድሞ ይህን ያገኘ ተዋናይ አልነበረም። ልጃችን ተዋናይ ሆነብን ብሎ ሲያፍር የኖረ ቤት ሁሉ በዚያ ቀን ቀና ብሎ ሄደ፤ ክብሩ የሙያው ሁሉ ነበርና።

ከዚህ በኋላ መከራ ተከታተለበት። በ1896 ጉልበቱ ተጎዳ። በ1898 የ44 ተውኔቶች ሥዕላዊ መጋረጃና የመድረክ ዕቃ የተከማቸበት መጋዘን ተቃጠለ። በ1899 ቴአትሩን ለአክሲዮን ማኅበር አሳልፎ ሰጠ፤ በ1902ም ላይሲየም ተዘጋ። እርሱ ግን በስተርጅና፣ ታሞም ሳለ፣ በየከተማው እየዞረ መጫወቱን አላቆመም። በኦክቶበር 13 ቀን 1905 በብራድፎርድ ከተማ «ቤኬት»ን ተጫውቶ ወደ ሆቴሉ እንደ ገባ ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜውም 67 ዓመት ነበር። አመዱንም ነገሥታት በተቀበሩበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቀደመው ታላቅ ተዋናይ ከዴቪድ ጋሪክ አጠገብ ቀበሩት።