ከጂዛን ድንበር በአንድ እግር

ከየመኗ ሰዓዳ ተራሮች ወደ ሳዑዲዋ ጂዛን የሚያሻግረው መንገድ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ብትመልስም ጉዞው አልቆመም።

የከፋው ዘግይቶ መጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የድንበር ጠባቂዎች በስደተኞች ላይ በሞርታርና በጥይት ተኩሰዋል ብሏል። «የትኛው እጅህ ወይም እግርህ ይመታ?» ተብለው የተጠየቁም አሉ። ሪያድ ክሱን አስተባብላለች።

እዚያ አምቡላንስ የለም። ቁስለኛውን የሚያነሳው፣ ከተገኘ፣ አብሮት የተሰደደው ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ብሎ የሚጠራው ግን የለም።

እግሩን አጥቶ ለተመለሰ አገር ቤት የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ ቁስለኛን ከመሸከም ይረዝማል። የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያው የተቆረጠውን እግር ጫፍ በጀሶ ይለካና በልኩ የሰው ሠራሽ እግሩን ማቀፊያ ያበጃል። ጫፉ በወራት ውስጥ ስለሚኮማተር ማቀፊያው ይሰፋል፣ ቆዳ ይልጣል፤ እንደገና መለካት ግድ ነው። ለሁለት ሳምንት ከውጭ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ እዚህ ላይ አይደርስም። በእንግሊዛዊው የቀድሞ የጦር አብራሪ ሊዮናርድ ቼሻየር ስም የሚጠራው የመናገሻ ማዕከል፣ በ1950ዎቹ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን መርዳት ጀምሮ እስካሁን የዘለቀው፣ ሥራው በአገሬው ሰው እጅ ስለገባ ይመስላል።